የሸፈተች ድመት

ቤቷን ትታ ዱር የገባችን ድመት አማርኛችን «ሸፈተች» ይላታል። ስለ ጠፋ በግ እንዲህ አንልም፤ ስለ ባከነ ውሻም እንዲህ አንልም። ቃሉ ከባድ ቃል ነው። በአገራችን፣ ይልቁንም እንደ ላስታ ባለ ተራራማ ምድር፣ ሽፍታ ማለት ወንበዴ ማለት ብቻ አልነበረም። ፍርድ የጎደለበት፣ ርስቱን የተነጠቀ፣ ከጌታው የተቀያየመ ሰው «ዱር ቤቴ» ብሎ ሲወጣ ሸፈተ ይባል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ እንኳ ዘውድ ከመጫናቸው አስቀድሞ፣ ካሳ በሚባሉበት ዘመን፣ ቋራ ላይ ሸፍተው ነበር። እንግዲህ «ድመቷ ሸፈተች» ስንል ሳናስተውለው አንድ ነገር አምነናል፤ በእርሷና በእኛ መካከል ውል ነበረ፣ ውሉም ፈርሷል ማለታችን ነው።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ የፈረሰ ውል ነው።

ሰፈራችን ከላሊበላ ከተማ ወደ አየር ማረፊያው በሚወርደው መንገድ፣ ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳትርቅ፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት። ነአኩቶ ለአብ በትውፊት የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ የነበረው ንጉሥ ነው፤ ስሙም በግእዝ አብን ማመስገን ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የታነፀው በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ ሲሆን፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገበታዎች እየተጠራቀመ ጠበል ይሆናል። ያንን ጠበል የሚጠጣ፣ የሚጠመቅ፣ በጠርሙስም ቀድቶ ለታመመ ዘመዱ የሚወስድ ሕዝብ ነው የሰፈሬ ሕዝብ። ርኅራኄ የሌለው ሕዝብ አይደለም። ስለ ድመቶቹ የተጣላነውም ክፉዎች ስለ ነበርን አልነበረም።

ውሉ ጥንታዊ ነው። የቤት ድመት የዘር ግንዷ እስከ ዛሬ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖረው የዱር ድመት ነው፤ በእኛም አገር አለ። ሰው እህል ማከማቸት በጀመረ ጊዜ አይጥ ወደ ጎተራው መጣች፤ አይጥን ተከትላ ድመት መጣች። እንደ በሬ ተጠምዳ፣ እንደ በቅሎ ተለጉማ አልተገራችም፤ በገዛ እግሯ መጥታ ገባች እንጂ። በቆጵሮስ ደሴት በተገኘና 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ውስጥ አንድ ሰውና አንዲት ድመት አጠገብ ለአጠገብ ተቀብረው ተገኝተዋል። በላስታም ቢሆን የገበሬ ቤት ጎታው ባለበት ድመት ነበረች። ጤፉና ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ከአውድማ ወደ ቤት ከገባ በኋላ ከአይጥ የሚጠብቀው ሌላ ዘበኛ አልነበረም። ለእህል ብቻም አይደለም። ብራና የበግና የፍየል ቆዳ ነውና አይጥ ይወደዋል። አባቶቻችን መጽሐፉን በቆዳ ማኅደር ከትተው ከግድግዳው ላይ ያንጠለጠሉት ለመሸከም እንዲያመች ብቻ ሳይሆን ከምድር እንዲርቅም ነበር። ከማኅደሩ በታች ደግሞ ድመቷ ታደባለች።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ወሎ አቋርጣ ሄደች ስለምትባል ድመት ላንሣ። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስን ገጥሞ ሲመለስ ከ300 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን ተወስደዋል። ከጦርነቱ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች የተባለች «ዙላ» የምትባል ድመትም ነበረች፤ ስሟ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ሐኪም ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሏ ወጣ፤ ዛሬ ፈረንጆች «አቢሲኒያ» እያሉ በውድ ዋጋ የሚገዙት የድመት ዘር ታሪክ የሚጀመርላት ከእርሷ ነው። የዘር ምርመራ ግን ይህ ዘር ከእኛ ተራሮች ይልቅ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እንደሚያመለክት ተናግሯል፤ ሆላንድ አገር ላይደን በሚገኘው ቤተ መዘክር የተቀመጠው የ1830ዎቹ የድመት ቆዳም «የሕንድ የቤት ድመት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። እንግዲህ በስማችን የምትጠራው ድመት የእኛ ላትሆን ትችላለች። የእኛ የሆነችው፣ ዳማና ነጭ፣ ጆሮዋ በጠብ የተተለተለ፣ አመድ ላይ የምትተኛው ግን ስም እንኳ የላትም።

ታዲያ ስም የለሿ እንዴት ሸፈተች?

በላሊበላ ዙሪያ የሆነውን የሚያውቅ ሰው መልሱን ለማግኘት አይቸገርም። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለመጠበቅ ሲባል በ2000ዎቹ ዓ.ም. በዙሪያቸው ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች እንደ ኩራኩር ወዳሉ አዳዲስ ሰፈሮች ተዛውረዋል። ሰው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፤ ድመት ግን ከሰው ይልቅ ቤቱን፣ ከቤቱም ይልቅ ግዛቷን የምትወድ ፍጥረት ናት። ተሸክመው ቢወስዷት እንኳ ተመልሳ የፈረሰው ምድጃ ላይ ትገኛለች። ቀጥሎ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣና ጎብኚው ቆመ። የሆቴሎች ፍርፋሪ ስንት ድመት ይመግብ እንደ ነበር ያወቅነው ሆቴሎቹ ጸጥ ካሉ በኋላ ነው። ዓመት ሳይሞላ ጦርነት ተከተለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትገባ ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ ተሰደደ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስም ደጋግማ እጅ ቀያየረች። በዚያ ወራት በር ዘግቶ የወጣ ሰው ሲመለስ ድመቱን አላገኘም፤ ወይም አግኝቷት አላወቀችውም። ልጆቿን በጓሮ ቁልቋል ሥር ወልዳ፣ የሰው ድምፅ ስትሰማ እንደ ነብር ጀርባዋን የምትነፋ ሆና ነበር።

ሽፍታ ደግሞ ሽፍታ ይወልዳል። የድመት ግልገል የሰው እጅ የሚለምደው በተወለደ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ያለ ሰው ካለፈ በኋላ ብዙውን ጊዜ አይገራም። ስለዚህ በየሰፈሩ ሁለት ዓይነት ድመት አለ፤ ቤት የነበራትና የከዳችው፣ ከቶም ቤት ያላወቀችው። የመጀመሪያዪቱን በርኅራኄና በትዕግሥት መመለስ ይቻላል። ሁለተኛዪቱ ግን «ነይ» ቢሏት አትመጣም፤ መጥራቱንም አታውቀውም።

ነገሩ ወደ ጠብ የሚደርሰው ዘወትር በዐቢይ ጾም ነው። ምክንያቱን ለመረዳት የደገኛን ጓዳ ማየት ይበቃል። 55 ቀን ሙሉ ሥጋ አይታረድም፤ ወተቱ እየተናጠ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፤ በምጣዱና በድስቱ ያለው እንጀራና ሽሮ ነው። ድመት ግን በተፈጥሮዋ ከሥጋ በቀር ሊያኖራት የሚችል ምግብ የላትም። የዓይኗና የልቧ ጤና የሚቆምበትን ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ቀስ በቀስ ትታወራለች፤ ልቧም ይደክማል። ምስኪን ናት እንጂ ጾም አፍራሽ አይደለችም። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ተረታችን ዐመል ያለው ነገር በሥጋዋ የተጻፈ ሕግ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ እያንዳንዱ ባልቴት ጫጩት አስፈልፍላ ዶሮዋን ለፋሲካ ገበያ ታሳድጋለች። የተራበችው ድመትና የሰፈሩ ሁሉ ተስፋ በአንድ ጓሮ ይገናኛሉ።

አንድ ዓመት በዚሁ ጾም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሰፈራችን ሰው ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አንዲት ባሏን በጦርነቱ ያጣች ሴት ዘጠኝ ጫጩት በአንድ ሌሊት እንዳለቀባት ተናገረች። ለእርሷ ዶሮ ማለት ጨው ነው፣ ሳሙና ነው፣ የልጇ ደብተር ነው። ወጣቶቹ የአይጥ መርዝ በሥጋ ለውሰው ሊበትኑ ተዘጋጅተው ነበር። ሌሎቹ ግልገሎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስበው ከገደሉ ማዶ ሊጥሉ መከሩ። ከመካከላቸው አንዲት እማሆይ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል እየሳምን ነው ወይ ይህን የምንመክረው? 60 አንበሳና 60 ነብር ከጎናቸው አይደለም ወይ የተሣለው? ለተጠማች ወፍስ የዓይናቸውን እንባ አላጠጡም ወይ?» አሉ። ሕዝቡ ዝም አለ። ዝምታውን የሰበረችው ያችው ሴት ናት። «እማሆይ፣ እርስዎ እውነት ነዎት። ነገር ግን ለድመት ከማዘናችሁ በፊት ለእኔ እዘኑ» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ እንስሳት ርኅራኄ ሲወራ ይህቺ ሴት ከፊቴ አትጠፋም። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የከበዳቸውን ሳያቀሉላቸው ሰዎችን «እዘኑ» ማለት ስብከት እንጂ ምሕረት አይደለም። የዚያ ጉባኤ የመጀመሪያ ውሳኔም ስለ ድመት አልነበረም። ጫጩት ያለው እያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ጫጩት አዋጥቶ የሴቲቱ ጉድለት እንዲሞላ ተወሰነ። ከዚህ በኋላ ነው ሌላው ሊደመጥ የቻለው።

በመርዙ ላይ የተናገሩት አንድ በወረዳው የእንስሳት ጤና ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩን በዝርዝር አስረዱ። ገበያ ላይ ከሚሸጡት የአይጥ መርዞች ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ እያደረጉ የሚገድሉ ናቸው። የበላችው አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ለቀናት እየተንገዳገደች በቀን ብርሃን ትወጣለች፤ የምትያዘውም ያን ጊዜ ነው። የያዛት ድመት፣ የድመቷን በድን ያገኘ ውሻ፣ በመጨረሻም ጥንብ አንሣው ሁሉ ከአንዱ ጉርሻ ይካፈላሉ። ለድመት የተለወሰው ሥጋም የማን ውሻ፣ የማን ሕፃን እንደሚያነሣው አይታወቅም። ሒሳቡም አይሠራም። ድመት ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ታረግዛለች፤ አይጥ ግን በ20 ቀን ገደማ ትወልዳለች። ድመቶቹን ብንጨርስ ቀድመው የሚሞሉን አይጦች ናቸው። ድመትም ቢሆን አትጠፋም፤ ግዛቱ ባዶ ሲሆን ከአጎራባች ሰፈር ሌሎች ይገቡበታል፤ ቆሻሻውና ጫጩቱ እስካለ ድረስ ባዶ ሆኖ አይቀርም። ከረጢቱም ያው ነው፤ የእኛን ሽፍታ ለሌላ ቀበሌ ማስረከብ ነው።

ሽማግሌው አንድ ነገር ጨመሩ። «ከጫጩቶቹ ስንቱን ድመት እንደ በላው አይታችኋል? ሸለምጥማጥስ? ጭልፊትስ?» አሉ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ የሌሊቱን ወንጀል ሁሉ በሚታየን ፍጥረት ላይ ጭነን ነበር።

የተስማማንበት ነገር ታላቅ አይደለም፤ ግን ሊፈጸም የሚችል ነበር። ጫጩት ከእናቱ ጋር ሌሊት በቤት ውስጥ በቅርጫት ሥር እንዲያድር፤ የዶሮው ቆጥ በጠንካራ እንጨት እንዲጠበብ፤ የታረደ ከብትና ዶሮ ተረፈ በየጓሮው ሳይጣል እንዲቀበር፤ በጾም ወራት ደግሞ ከቅቤ የተረፈው አሬራ በሦስት ቤቶች ደጃፍ ብቻ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ገበታ እንዲቀርብ ተወሰነ። አሬራ ለድመት በቂ ምግብ አይደለም፤ ግን ረሃቧን ያስታግሣል፤ የምትመጣበትንም ሰዓትና ቦታ ያስታውቃል። ሰው ቢሸፍትም ቀለብ ሰፍሮ የሚልክለት ዘመድ ካለ አገር አይዘርፍም። ገበታውን በመጠበቅ ላይ የተመደቡት ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ 14 ድመት ቆጠሩ። ከዚያ በፊት «መቶ ይሆናሉ» ስንል ነበር። ፍርሃት ቆጠራ አያውቅም።

ሁለት ነገር በእጃችን አልነበረም፤ ክትባትና ማምከን።

ስለ ክትባቱ ልናገር። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትም ይይዘዋል፣ ድመትም ያስተላልፈዋል። ምልክቱ አንድ ጊዜ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በድመት የተቧጨረ ወይም የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ጠበላችን የተስፋችን ምንጭ ነው፤ ጠበሉን የሰጠ አምላክ መድኃኒትንም ሰጥቷልና አንዱ ለሌላው ሰበብ አይሁን። ነገሩ ከእኛም ያልፋል። በራስጌያችን የቆመው፣ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀሩት፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌሉት ቀይ ቀበሮዎች ከሚኖሩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በባሌ ተራሮች በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ደጋግሞ የፈጃቸው ከሰፈር ውሾች የተሻገረ ይኸው በሽታ ነበር። ባለቤት አልባ እንስሳ የሰፈር ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ቀና ብሎ ተራራውን ይመልከት።

ማምከን ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ኮርማውን አኮላሽተን በሬ እናደርጋለን፤ ሙክት የምንለው በፋሲካ የሚወደደው በግና ፍየልም እንዲሁ ነው። የድመቱ ጉዳይ ግን በወንዱ አያልቅም። አንድ ወንድ ብቻ ቢቀር ለሰፈሩ እንስት ሁሉ ይበቃልና፣ ቁጥርን የሚቀንሰው እንስቷን ማምከን ነው። እንስቷ ደግሞ ገና ስድስት ወር ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች፤ በዓመትም ሁለት ሦስት ጊዜ ትወልዳለች። ይህ የሆድ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ማደንዘዣ፣ ንጹሕ ክፍልና የሠለጠነ እጅ ይሻል። በሌላው ዓለም ድመቷን በወጥመድ ይዞ፣ አምክኖ፣ ከትቦ፣ የጆሮዋን ጫፍ በትንሹ ቆርጦ ምልክት አድርጎ ወደ ነበረችበት መመለስ የተለመደ ነው። ኢጣልያ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ቤት አልባ ድመቶችን መግደል ከልክላ ይህን ሥርዓት አድርጋዋለች። እኛም ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለን። ተማሪዎቹ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ወደ ላስታ ቢወጡ እነርሱ እጃቸውን ያፍታታሉ፣ እኛም እናርፋለን። ይህን ጠይቀን ደብዳቤ ጽፈናል።

እስከዚያው ሰፈራችን ፍጹም ሰላም አላት አልልም። ከ14ቱ አምስቱ ዳግመኛ ቤት ገብተዋል፤ የእንጨት በሮቻችን በቆርቆሮ ሲለወጡ የተዘጋባቸውን የድመት መግቢያ ቀዳዳ ልጆቹ በመሮ በስተውላቸዋል። የቀሩት አልተመለሱም፤ በጓሮ አይጥ እያደኑ ይኖራሉ፤ አንነካቸውም። አንዳንዱ ጫጩት አሁንም ይጠፋል፤ ባለቤቱ ሲናደድ ሌላው ያዋጣለታል።

በቀድሞ ዘመን ምሕረት የተደረገለት ሽፍታ እንዲያው በባዶ አይገባም ነበር። የሚገባበት ቃል፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚቆምለት ዋስ ነበረው። ምሕረት ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ጫጩት ሞት ያልቅ ነበር። ምሕረት ውል ነው፤ ውልም ቀለብ ሰፋሪ፣ ቆጣሪና ዋስ ይሻል። ጫጩቶቿ ያለቁባት ያች ሴት ዛሬ የአሬራው ገበታ ከሚቀርብባቸው ሦስት ደጃፎች የአንዱ ባለቤት ናት። ለምን እንደ ተስማማች ስጠይቃት በነገር አላሳመረችውም። «የት እንደምትበላ ካወቅሁ፣ የት እንደማትበላ አውቃለሁ» አለችኝ።